ጋሽ ዳልኬና የሜዳው ላሞች

ጋሽ ዳልኬ ማረፋቸውን የነገረችኝ ወተት የምታመጣልኝ ሴት ናት። ጣሳውን ደጃፌ ላይ አስቀምጣ፣ «ያ የአውሮፕላኑ ሽማግሌ ሞቱ አሉ» አለችኝ፤ ቀጥላም ወተቱ ውኃ እንዳልገባበት ማለችልኝ። ሁለቱንም አመንኋት።

ቀብሩ ላይ ነበርሁ። አስከሬኑ ከቤታቸው ወደ መቃብሩ ለመድረስ የድሮውን ሜዳ ማቋረጥ ነበረበት። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወጥቶ አስፋልት ከለበሰ ቆይቷል፤ በዚያ ሣር ላይ ከእንግዲህ ከወፍ በቀር የሚያርፍ የለም። ሆኖም ሣጥኑን የተሸከሙት ሰዎች የሜዳው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ግራና ቀኝ አዩ፤ ከዚያ ተሻገሩ። እንዲህ አድርጉ ያላቸው የለም። ጂንካ ውስጥ ዕድሜው ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ያንን ሜዳ የሚሻገረው እንዲህ ነው። ያስተማሩን ሰው ሣጥኑ ውስጥ ነበሩ።

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ሌላው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ አለው ይባላል፤ ስለ ጂንካ ግን በዚያ ዘመን አውሮፕላን ማረፊያው ከተማ አለው ቢባል ይቀል ነበር። ረጅሙ የሣር ሜዳ መሐል ላይ ተጋድሟል፤ ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ገበያውና መኖሪያው ግራና ቀኙን ይዘው ያዩታል። ዝናብ ሲገባና የወይጦ ወንዝ ሲሞላ የመኪናው መንገድ ይዘጋል። ያኔ ከአገር ጋር የሚያገናኘን ያ ሣር ብቻ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በማታ ትምህርት እየገፋሁ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አብረውኝ ለፈተና የተቀመጡት ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር። በዚያ ሰሞን አውሮፕላን ማረፊያው ጸሐፊ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድሁ። ጽሕፈት ቤቱ አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የእህል ሚዛንና አንድ የሬድዮ መገናኛ ነበር። ከወላይታ የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው፣ ጋሽ ዳልኬ፣ በሩ ላይ ቆመዋል። የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቤ ስጨርስ፣

«ሁለት ቃል ተሳስቷል» አልኋቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የቱና የቱ?»

አሳየኋቸው።

«ነገ ነይ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ተማሪዋ» ሆነ። ትምህርቴን ጨርሼ ራሴ አስተማሪ ከሆንሁ በኋላም አልተለወጠም።

ሥራው ብዙ አልነበረም፤ ጋሽ ዳልኬ ግን ብዙ አደረጉት። አውሮፕላኑ ትንሽ፣ ሜዳውም ሣር በመሆኑ ተሳፋሪ ከነጓዙ ይመዘናል። እሳቸው ክብደቱን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። በመሐላችን ያለው ርቀት አንድ ክንድ ነው፤ ለማን እንደሚጮኹ ጠይቄያቸው አላውቅም። አንድ ቀን ከክፍለ ሀገር የመጡ ወፍራም ጓድ ሚዛኑ ላይ ከወጡ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የኔን እንኳ ባታነበው» አሏቸው።

«ጓድ፣ ሥልጣን ኪሎ የለውም። የሚነበበው የሥጋው ነው» አሉና አነበቡት።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠች ከቱርሚ የመጣች የሐመር ሴት ከት ብላ ሳቀች። አማርኛ እንደማትሰማ ሁላችንም ወዲያው ተስማማን።

አውሮፕላን ሲቃረብ ሬድዮውን ይዘው ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ሜዳው ደኅና ነው።» ይህን ሳይሉ አውሮፕላን አይወርድም። ይህን ለማለት ደግሞ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ያዩታል። ለነፋስ ምልክት የተሰቀለውን ረጅም ጨርቅ ከተማው «የጋሽ ዳልኬ ሱሪ» ይለው ነበር፤ ሲቀደድ የሚሰፉት እሳቸው ስለሆኑ ስሙ ከእውነት ብዙ የራቀ አልነበረም። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ሻያቸው ጥቁር ነው። ወተት ሲቀርብላቸው «ሆዴን ይነካኛል» ብለው ይመልሳሉ። ወንጌላዊ አማኝ ነበሩ። ጸሎት ቤቶች የተዘጉበት ጊዜ ስለነበር በየሰው ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ እሳቸው በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውንም አይጨፍኑም። አንዱ ወንድም ይህን ቢያነሣባቸው፣

«ያላመንኩት እግዜርን አይደለም፤ ቦራን ነው» አሉት።

ቦራ ላም ናት።

ከተማው ሁሉ ላሙን የሚያሰማራው ሜዳው ላይ ነበር። የመምህሩ ላም፣ የዳኛው ላም፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ላም አብረው ይግጣሉ። የአውሮፕላን ድምፅ ከተራራው ጀርባ ሲሰማ ጋሽ ዳልኬ ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው ፊሽካ እየነፉ ሜዳውን ያካልሉታል። ያኔ ከተማው የያዘውን ይጥላል። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ይወጣል። ዳኛው ችሎቱን ያቋርጣሉ፤ ተከሳሹም ላም ካለው አብሯቸው ይሮጣል፤ ሁለቱም እያለከለኩ ተመልሰው ነገሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ላሙ ያልወጣችለት ሰው ግን ወዮለት። ጋሽ ዳልኬ ላሟን ከቆርቆሮው ክፍል ጀርባ ባለው በረት ያስገቧታል። ባለቤቱ ሲመጣ ገንዘብ አይቀጡትም። አግዳሚው ላይ ያስቀምጡትና ያስተምሩታል። ብዙ ሰው በገንዘብ ቢቀጣ ይመርጥ ነበር።

ትምህርቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከእንጨት የተጠረበች አውሮፕላንና ከጭቃ የተሠራች ላም አላቸው። ላሟን ጠረጴዛው መሐል ያቆሟታል፤ አውሮፕላኗን ከጠርዙ ቀስ አድርገው እያንሸራተቱ ያመጧታል። ባለ ላሙ የሚመጣውን ግጭት እየጠበቀ ትከሻውን ይሰበስባል። ጋሽ ዳልኬ ግን አንድ ጣት ሲቀር አውሮፕላኗን ወደ ላይ ያነሧታል።

«አሁን ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ፣ ጋሼ።»

«አውሮፕላኑ ተመለሰ። ምንም አልሆነ ማለት ይሄ ነው? እዚህ ሜዳ ላይ ላም ተገጭታ አታውቅም። የሚመለሰው አውሮፕላኑ ነው። ታች ቆሞ ሲጠብቅ የነበረውን ሰው ማን ይጠይቀዋል?»

ባለ ላሙ ማን ቆሞ እንደነበር አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ያን ትምህርት ከማንም ይልቅ ደጋግሜ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ግን የሚገባውን ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ትምህርቱን አዘውትረው የሚወስዱት እማማ ዶርቃ ነበሩ፤ የቦራ ባለቤት። ቤታቸው ከሜዳው ጋር የተያያዘ፣ ቅቤና ወተት እየሸጡ የሚኖሩ የአሪ ሴት ናቸው። አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ጥጣቸውን ይዘው መፍተል ይጀምራሉ።

«እማማ፣ ይስሙኝ እንጂ።»

«ጆሮዬ አይፈትል። ቀጥል።»

ከሩቅ አገር የሚመጡትም ቦራን ያውቋታል። ወደ ቱርሚና ወደ ኮልቾ መንደሮች የሚሄዱ ጥቂት ፈረንጆች ሲወርዱ መጀመሪያ ካሜራቸውን የሚያዞሩት ወደ ላሞቹ ነው። ጋሽ ዳልኬ ያፍራሉ። አገራችን እንዲህ እንዳትታይ ብለው እየሮጡ ከላሟ ፊት ይቆማሉ፤ ቦራ ደግሞ አንገቷ ረጅም ነው። በብዙ የፈረንጅ ቤት ሳሎን ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰቅለው ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

የአጥር ሽቦ ይላክልን ብለው በየዓመቱ ያመለክቱ ነበር። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ማመልከቻው እየጠራ ሄደ፤ ሽቦው ግን አልመጣም። በመጨረሻ ያስመጣችው ቦራ ናት። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ እየሮጠ ሳለ፣ ቦራ ከእማማ ዶርቃ ደጅ ተነሥታ ሳትቸኩል ሜዳውን አቋረጠች። ካፒቴኑ ፍሬን ያዘ፤ ባለሥልጣኑ ከወንበራቸው ተንሸራተቱ፤ መነጽራቸውም ጠፋ። ወር ሳይሞላ ሽቦው በጭነት መኪና መጣ። አብሮት ከእንግዲህ እንስሳ በሜዳው ክልል እንዳይገኝ የሚል ትእዛዝ መጣ።

የአጥሩን ጉድጓድ የቆፈረው በዘመቻ የወጣው የከተማው ነዋሪ ነው፤ ማለትም የላሞቹ ባለቤቶች። ጋሽ ዳልኬ ከአንዱ ቋሚ ወደ አንዱ እየተዘዋወሩ ይቆጣጠራሉ።

«እማማ ዶርቃ፣ ጉድጓዱ ጠለቅ ይበል።»

«ለእንጨቱ ነው ለአንተ?»

አጥሩ በተዘጋ ቀን አጭር ንግግር አደረጉ። ባያደርጉ ይሻል ነበር። ከሽቦው ማዶ ቆማ ወደምታየን ወደ ቦራ እያመለከቱ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሜዳ ከቦዘኔ ነጻ ወጥቷል» አሉ። ሰው ሳቀ። እማማ ዶርቃ አልሳቁም። በዚያ ዘመን ቦዘኔ ማለት ቀላል ቃል አልነበረም፤ ሰው ያሳስር ነበር። ነጠላቸውን አጣፉና ላማቸውን ይዘው ገቡ።

በዚያው ሳምንት ላሞቹ ከከተማው ወጡ። ግጦሽ በሌለበት ማን ላም ያኖራል? አንዱ ካንዱ ጋር እየተቀናጀ ተራራው ላይ ወዳሉት የአሪ መንደሮች፣ ዘመድ ዘንድ ሰደዳቸው። ከተማው ወተት አጣ። ሻይ ቤቱ ሁሉ የሚያፈላው የጋሽ ዳልኬን ሻይ ሆነ።

እሳቸው ግን ደስተኛ ነበሩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ባዶው ሜዳ ላይ ይመላለሳሉ። «አየሽ ተማሪዋ፣ ሜዳ ማለት ይሄ ነው።» ከዚያ ዝናቡ ገባ። ሣሩ መጀመሪያ ቆንጆ ነበር። ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ቆንጆ ነበር። ባት ሲደርስም ምንም አላልሁም። ጉልበት ሲደርስ ተናገርሁ።

«ጋሽ ዳልኬ፣ ሣሩ በዝቷል።»

«ሣር ላም አይደለም። ሮጦ አውሮፕላን ፊት አይገባም።»

ስንት ዓመት ሙሉ ላሞቹን የሜዳው ጠላት አድርገን ስናይ፣ ያንን ሜዳ አጭደው ያቆዩልን እነሱ መሆናቸውን አንዳችንም ልብ ብለን አናውቅም። ማጨጃ መኪና አልነበረንም። የሚያስፈልገን መስሎንም አያውቅም።

አውሮፕላኑ በመጣ ቀን አግዳሚው ላይ አንድ ታማሚ ነበር። እግሩን በመጥረቢያ መትቶ የመረቀዘበት አናጢ ነው፤ ሚስቱ ትከሻዋ ላይ አስደግፋዋለች። ወደ ሆስፒታል የሚሄድበት ሌላ መንገድ የለም፤ ወይጦ ሞልቷል። ጋሽ ዳልኬ ሬድዮውን አነሡ።

«ሜዳው ደኅና ነው።»

አውሮፕላኑ ከላያችን አለፈ፤ ዞረ፤ ዝቅ ብሎ ተመለከተ።

«ጂንካ፣ ሜዳው የት አለ?» አለ ካፒቴኑ።

«ከሥርህ ነው።»

«ከሥሬ ያለው ማሳ ነው። ምን ዘርታችሁ ነው?»

አንድ ጊዜ ደግሞ ዞረ። ጎማው ምን ላይ እንደሚያርፍ ሊያይ አልቻለም። ከዚያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ከደመናው ገባ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ የአናጢው ሚስት ሰማዩን እያየች ቆየች። ከዚያ፣ «አሁን ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችን። አላወቀችም እንጂ የጋሽ ዳልኬን የትምህርት ጥያቄ ነበር የጠየቀችው።

አናጢውን በጭነት መኪና ሰደዱት። መኪናው ወይጦ ዳር ውኃው እስኪጎድል ቆመ። ሕይወቱ ተረፈ፤ እግሩ ግን አልተረፈም።

ጋሽ ዳልኬ ያን ቀን ከአግዳሚው አልተነሡም። ልሰናበታቸው ስወጣ፣

«ዛሬ ላም አልነበረችም» አሉኝ።



በማግስቱ በሬድዮ መልእክት መጣ። ሜዳው በሁለት በረራ ውስጥ ካልተስተካከለ ጂንካ እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ድረስ ከበረራው መስመር ይወጣል። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «የሚቀጥለው ማስታወቂያ» ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ የሚቀጥል ማስታወቂያ የለም። መልእክቱን ካነበብሁላቸው በኋላ ጋሽ ዳልኬ ማጭድ ፍለጋ ሄዱ። ተማሪዎች ወጡ፤ እኔም ወጣሁ። ረጃጅሙን አጨድን፤ ሥሩ ግን እርጥብና ድርብርብ ሆኖ ማጭድ አልይዝ አለ። ወዲያ ጫፍ ስንደርስ ወዲህኛው ጫፍ ዳግም ለምልሞ ጠበቀን። በእሳት እናቃጥለው ተባለ፤ ለምለም ሣር ጭሶ ዝም አለ። የመጀመሪያው በረራ መጣ፤ ሜዳውን አየ፤ ተመለሰ። የቀረን አንድ ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ ዳልኬ ሽማግሌ ላኩ። ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ባለ ላሞቹ ተሰበሰቡ። ዳኛው በዳኝነታቸው ሳይሆን በባለ ላምነታቸው ተገኙ። እኔን ጋሽ ዳልኬ ይዘውኝ ሄዱ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ከብቶቻችሁን መልሱልኝ» አሉ።

እማማ ዶርቃ ከፈትላቸው ቀና አላሉም። «ቦዘኔ ምን ይሠራልሃል?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«ያንን ቃል አንሥቻለሁ፣ እማማ።»

«የተሰደበችው ቦራ ናት። ለሷ ንገራት።»

«ስትመጣ እነግራታለሁ።»

ዳኛው «ይመዝገብ» ሊሉ ከልማድ ወደ እኔ ዞሩና ተዉት።

«ይሄ ብቻ አይበቃም» አሉ እማማ ዶርቃ። «ስንት ጊዜ ላማችንን ዘግተህ፣ እኛን አስቀምጠህ እንደ ሕፃን አስተምረኸናል። ዛሬ ቁጭ በል፤ እኔ ላስተምርህ። እነዚያን መጫወቻዎችህን አምጣ።»

የእንጨቷን አውሮፕላንና የጭቃዋን ላም አመጣሁ። ጋሽ ዳልኬ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ወደ አገጫቸው ቀረበ። እማማ ዶርቃ ላሟን በርጩማ ላይ አቆሟት፤ አውሮፕላኗን እያንሸራተቱ አመጡ፤ አንድ ጣት ሲቀር ወደ ላይ አነሧት። ከጋሽ ዳልኬ አሳምረው ነው ያደረጉት።

«አሁን ምን ሆነ?»

«አውሮፕላኑ ተመለሰ» አሉ ጋሽ ዳልኬ።

«ለምን ተመለሰ?»

«ላም ስለነበረች።»

«የማን ላም?»

እማማ ዶርቃ ለማሾፍ የጠየቁት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጋሽ ዳልኬ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አንድ ጊዜ አዞሩት።

«የኔ» አሉ።

የሻይ ቤቷ ባለቤት ሳቀች። ብቻዋን መሳቋን አይታ አቆመች።

«ወደዚህ ሳልዛወር በፊት፣ ጎፋ በኩል እንዲህ ያለ ትንሽ ሜዳ እጠብቅ ነበር» አሉ፤ ክብደት ሲያነቡ በሚያሰሙት ድምፅ። «ላም ነበረችን። ጠዋት ጠዋት የምታስራት ባለቤቴ ነበረች። ታማ ተኛች። ሐኪም ቤት እንድትሄድ አውሮፕላን አስጠራሁ። መጣ። ባለቤቴን በቃሬዛ አውጥተን ሜዳው ዳር አድርሰናታል። ላሟን ያሰረ ሰው የለም። የምታስራት ታማለች፤ እኔ ደግሞ ትዝ አላለኝም። ላሟ ሜዳው መሐል ገብታ ተኛች። አውሮፕላኑ ዞረ፣ ዞረ። እኔ ላሟን ሳስነሣ ደመናው ተዘጋ። ተመለሰ። ሌላው እስኪመጣ ባለቤቴ አልቆየችም።»

 ዋርካው ላይ ወፎች ይጮኹ ነበር።

እማማ ዶርቃ አውሮፕላኗን በርጩማው ላይ አስቀመጡና መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ስሟ ማን ነበር?»

«የባለቤቴ?»

«የሁለቱም።»

«ባለቤቴ አስቴር። ላሟ ወለላ። ስሙን ያወጣችላት አስቴር ናት።»

«ወለላን ምን አደረግሃት? አረድካት?»

«አይ። ምን አጠፋች? ታስራ አላመለጠች። ለጎረቤት ሰጠኋትና ዝውውር ጠየቅሁ።»

«እንዲህ ብለህ ብትነግረን ኖሮ እኛስ እናስር አልነበር? አንተ ግን በመጫወቻ ታስተምረናለህ።»

 እማማ ዶርቃ እንዝርታቸውን አነሡ።

«ከብቶቹ ተራራው ላይ ናቸው። እኛ አናወርድም። አንተው ሄደህ ታወርዳቸዋለህ። ቦራ በፊሽካ አትሄድም፤ በስሟ ጥራት።»

በማግስቱ ማለዳ ወደ ተራራው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ከቆርቆሮው ክፍል በር ላይ ሆኜ ሲመለሱ አየኋቸው። ባርኔጣ ያደረጉ ሰው በአንድ እጃቸው ብትር ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው የከተማው ላሞች ይከተላሉ። ቦራ ከሁሉም መጨረሻ ናት፤ እሳቸው በየጥቂት እርምጃው ዞር እያሉ «ቦራ፣ ነይ ቦራ» ይላሉ። እሷም ሲላት ትመጣለች። ያን ቃል እንዳነሡላት መንገድ ላይ ነግረዋት ይሆናል፤ እኔ አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን አልጽፍም። የሽቦውን በር በእጃቸው ከፈቱና ከብቶቹን አስገቡ።

ትእዛዙ እንስሳ በሜዳው እንዳይገኝ ይላል። ለአዲስ አበባ የሚላከውን ቃል ሲነግሩኝ ብዙ አሰቡና፣ «ሣሩ በአካባቢው ኃይል በመስተካከል ላይ ነው በይ» አሉኝ። ቃል በቃል ጻፍሁት። ስህተት አላገኘሁበትም።

ላሞቹ ቀን ከቀን ጋጡ። እኛ ረጃጅሙን በማጭድ፣ እነሱ የቀረውን በጥርስ። ጋሽ ዳልኬ ሣሩ ወደሚበዛበት እየነዱ ያሰማሯቸዋል፤ የዳኛው ላም ሰነፍ መሆኗን ያወቅነው ያኔ ነው። የመጨረሻው በረራ ቀን ሲደርስ ሜዳው በመጥፎ ምላጭ የተላጨ ራስ ይመስል ነበር፤ የተላጨ ግን ነበር።

ያን ቀን ጠዋት የከተማው ሰው ላሙን እየጎተተ አስወጥቶ በየደጁ አሰረ። የነገረው የለም። ድምፁ ከተራራው ጀርባ ሲሰማ ጋሽ ዳልኬ በልማድ ፊሽካውን ወደ አፋቸው አደረጉ፤ ሜዳውን አዩት፤ አንዲትም ላም የለችም። ሳይነፉት አወረዱት። ሬድዮውን አነሡ።

«ሜዳው ደኅና ነው።»

አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ዞረ። አጥሩ ዳር የቆመው ሕዝብ አንገቱን አብሮ አዞረ። ከዚያ ዝቅ አለ፤ ጎማው ሣሩን ነካ፤ ጭቃ እየረጨ ሄዶ ሄዶ ቆመ። ያጨበጨበ የለም። የሻይ ቤቷ ባለቤት ብቻ፣ «ተመስገን፣ ወተት ሊገኝ ነው» አለች።

ካፒቴኑ ወርዶ ጫማውን አየ፤ ሜዳውን አየ።

«ይሄን ሁሉ ሣር በምን ቆረጣችሁት?»

«በሠራተኛ» አሉ ጋሽ ዳልኬ።

ጂንካ ከበረራው መስመር አልወጣችም። አጥሩም አልፈረሰም፤ በሩ ግን በረራ በሌለበት ቀን ክፍት ሆነ፤ በረራ ባለበት ቀን ሰው ሁሉ ላሙን ያስራል። የእንጨቷ አውሮፕላንና የጭቃዋ ላም ከዚያ ወዲያ ከመሳቢያ አልወጡም።

አውሮፕላኑ ተነሥቶ ሰው ከተበተነ በኋላ እማማ ዶርቃ በቅል ወተት ይዘው መጡ። አግዳሚው ላይ ከጋሽ ዳልኬ ጎን ተቀመጡና ዘረጉላቸው።

«የቦራ ነው። አሁን ያለብኩት።»

«ሆዴን ይነካኛል፣ እማማ።»

«ይንካህ።»

ቅሉን ተቀበሉ። ለረጅም ጊዜ ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባቸው አስቀመጡና ጠጡት፤ ቅሉን ሳያወርዱ፣ እስከ መጨረሻው።  እኔ ከጠረጴዛዬ ቀና አላልሁም። ጋሽ ዳልኬ ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው፣ በሩ ፊት የተዘረጋውን ሣር እያዩ፣

«ሜዳው ደኅና ነው» አሉ።